የከለከልነው ይከፈታል፣ የፈቀድነው ይዘጋል

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ስኩዊድ በሚባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር (የተጠቃሚዎችን የኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል አማላጅ) እና አብረውት በሚሠሩ የይዘት ማጣሪያዎች ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች ናቸው። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፈነዋል፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ድረ ገጾችን ዝርዝር በፋይል አዘጋጅቼ ኤሲኤል (ደንቡ የሚመለከተውን አድራሻ ወይም ሰው የሚለይ ስም) ሠራሁለት፤ ዲናይ (ከልክል) የሚል መስመርም በቅንብር ፋይሉ በስኩዊድ.ኮንፍ መጨረሻ ላይ ጨመርኩ። ስኩዊድ ያለ ምንም ስህተት ይነሣል፤ ገጾቹ ግን እንደ ወትሮው ይከፈታሉ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ መስመሩን ያስገቡበት ቦታ ላይ ነው። ስኩዊድ የፍቃድና የክልከላ ደንቦቹን፣ ማለትም የኤችቲቲፒ_አክሰስ መስመሮችን፣ ከላይ ወደ ታች ያነባል። መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያየውም። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው ስኩዊድ.ኮንፍ በእነዚህ መስመሮች መጨረሻ አካባቢ «ኤችቲቲፒ_አክሰስ አላው ሎካልኔት» (የውስጥ ኔትወርኩን ፍቀድ) የሚል መስመር አለው። ሎካልኔት የሚባሉት እንደ 10.0.0.0/8፣ 172.16.0.0/12 እና 192.168.0.0/16 ያሉት የውስጥ አድራሻዎች ናቸው። እርስዎ ክልከላውን ከዚህ በታች ስላስገቡት፣ ከውስጥ የመጣው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ሳይደርስ ተፈቅዶለት አልፏል።

የራስዎን ደንቦች የሚያስገቡበት ቦታ «ዲናይ !ሴፍ_ፖርትስ» እና «ዲናይ ኮኔክት !ኤስኤስኤል_ፖርትስ» ከሚሉት፣ ከተፈቀዱት ፖርቶች ውጭ ያለውን ከሚከለክሉት ሁለት መስመሮች (! ማለት «ያልሆነ» ነው) በታች፣ «አላው ሎካልኔት» ከሚለው በላይ ነው። ክልከላ ከሁለቱ በላይ ቢወጣ ጉዳት የለውም። የፍቃድ መስመር ግን በላያቸው ከወጣ ፕሮክሲው ወደ ማንኛውም ፖርት፣ ኢሜይል ወደሚላክበት 25 ጭምር፣ ያሳልፋል፤ ይህንን በቸልታ እንዳያልፉት አደራ እንላለን። ደንቦችዎን ኮንፍ.ዲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ በየፋይሉ ከፋፍለው ከሆነ ደግሞ፣ ፋይሎቹ የሚነበቡት በስማቸው የፊደል ተራ ስለሆነ የፍቃዱ ፋይል ከክልከላው ፋይል ቀድሞ እንዳይነበብ ስሞቹን በ10፣ በ20፣ በ30 ቁጥር ያስጀምሩ።

ቦታው ተስተካክሎም ካልሠራ መስመሩን ራሱን ይመልከቱ። በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የተጻፉ ኤሲኤሎች ሁሉም አብረው መገጠም አለባቸው። በጥያቄዎ ላይ ባይጠቅሱትም፣ በብዛት የምናየው መስመር ይህን ይመስላል፦

ኤችቲቲፒ_አክሰስ ዲናይ ማኅበራዊ ሠራተኛ ተማሪ

ሠራተኛው በ192.168.10.0/24፣ ተማሪው በ192.168.20.0/24 ውስጥ ከሆነ፣ ከሁለቱም የሚመጣ አንድም ጥያቄ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ መስመሩ መቼም አይገጥምም። ሁለት መስመር አድርገው ይጻፉት፣ ወይም ሁለቱን የአድራሻ ክልሎች በአንድ ኤሲኤል ስም ሥር ያስገቧቸው። በአንድ ኤሲኤል ውስጥ ያሉ ዋጋዎች መካከል ያለው ዝምድና «ወይም» ነው፤ በአንድ የኤችቲቲፒ_አክሰስ መስመር ላይ ያሉ ኤሲኤሎች መካከል ያለው ግን «እና» ነው።

በዲኤስቲዶሜይን (የመድረሻውን ድረ ገጽ ስም የሚለይ የኤሲኤል ዓይነት) ዝርዝር ውስጥ ከስሙ በፊት ነጥብ ካለ ንዑስ ዶሜይኖቹን ሁሉ ይይዛል፤ ነጥብ ከሌለ የተጻፈውን ስም ብቻ ይይዛል። ነጥብ ያለውን ካስገቡ በሥሩ ያሉትን ደግመው አይጻፉ፤ ስኩዊድ ስለ ድግግሞሹ ያማርራል፣ አንዳንድ ቅጂዎቹም በዚሁ ምክንያት አልነሣም ይላሉ።

ከማስተካከያው በኋላ «ስኩዊድ -ኬ ፓርስ» ብለው ፋይሉን ይፈትሹ፤ ቀጥሎ «ስኩዊድ -ኬ ሪኮንፊገር» ብለው ቅንብሩን እንደገና ያስነብቡት። አስቀድሞ የተከፈተ የኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት ግን በአዲሱ ደንብ አይቋረጥም። ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ሳይከፍቱ «አሁንም ይሠራል» ብለው አይደምድሙ።

ጥያቄ፦ አንድ የቪዲዮ ድረ ገጽ ሳልዘጋ በውስጡ ያለ አንድ ቻናል ብቻ መዝጋት ፈለግሁ። የቻናሉን አድራሻ በዩአርኤል_ሬጄክስ (አድራሻን በፊደል ንድፍ በሚፈልግ ኤሲኤል) ጻፍኩት፤ በሎጉ ላይ እንኳ አይታይም። ሬጄክሱ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ሬጄክሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ችግሩ ፕሮክሲው ያላየውን ነገር መከልከል አለመቻሉ ነው። ብራውዘሩ ኤችቲቲፒኤስ ገጽ ሲጠይቅ መጀመሪያ ለፕሮክሲው የሚልከው «ኮኔክት የገጹ ስም:443» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የቻናሉ አድራሻም ጭምር፣ በብራውዘሩና በድረ ገጹ ሰርቨር መካከል ተመስጥሮ ያልፋል። ስለዚህ ከስሙ በኋላ ያለውን የአድራሻ ክፍል የሚፈልገው ዩአርኤልፓዝ_ሬጄክስ በኤችቲቲፒኤስ ላይ የሚነካው ነገር የለም፤ ዩአርኤል_ሬጄክስም የሚያገኘው ስሙንና ፖርቱን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሙሉ ዶሜይኑን በዲኤስቲዶሜይን መዝጋት ወይም መክፈት። ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት የምንመክረውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ኤስኤስኤል_በምፕ ነው፤ ፕሮክሲው ምስጢሩን ራሱ ፈትቶ፣ አይቶ፣ እንደገና መስጥሮ የሚያሳልፍበት ዘዴ።

ሁለተኛውን ከመረጡ አስቀድመው «ስኩዊድ -ቪ» ብለው ሶፍትዌሩ ከኦፕንኤስኤስኤል (የማመስጠሪያ ሶፍትዌር) ጋር የተገነባ መሆኑን ይመልከቱ። በዴቢያን (የሊነክስ ዓይነት) 11ና ከዚያ በኋላ ላይ ስኩዊድ የሚባለው ፓኬጅ ይህ የለውም፤ ስኩዊድ-ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለውን መጫን ያስፈልጋል። ቀጥሎ የራስዎን የሰርተፊኬት (የድረ ገጽ ማንነት ማረጋገጫ) ባለሥልጣን ይፈጥራሉ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይጭኑታል፣ በሴኩሪቲ_ፋይል_ሰርትጀን የሰርተፊኬቶቹን ማከማቻ ያዘጋጃሉ። ማከማቻው የተፈጠረው በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ከሆነና ስኩዊድ የሚሠራበት ዩዘር ሊጽፍበት ካልቻለ ረዳት ፕሮግራሙ ተደጋግሞ ይወድቅና ስኩዊድን ይዞት ይቆማል። ባለቤትነቱን በዴቢያን ለፕሮክሲ፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ ለስኩዊድ ዩዘር ይስጡ።

ይህ ሁሉ ቢሟላም የማይቀበሉት ፕሮግራሞች ይኖራሉ። የሰርቨራቸውን ሰርተፊኬት በውስጣቸው የቆለፉ የስልክ መተግበሪያዎች የእርስዎን ሰርተፊኬት አይቀበሉም፤ ለእነሱ ስፕላይስ (ሳትፈታ አሳልፍ) የሚል መስመር ከበምፕ (ፍታ) በላይ ያስገቡ። የባንክና የጤና ገጾችንም እንዲሁ ሳይከፍቱ ያሳልፉ። ተጠቃሚዎች ምስጢራቸው እንደሚከፈት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል፤ የሰው የግል መልእክት በፕሮክሲ ሰርቨር ላይ ተፈትቶ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቻናል ለመዝጋት ብቻ ከሆነ ይህን ያህል ርቀት መሄድ አይገባም ባይ ነን።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ብዙዎች የኤችቲቲፒኤስ ክልከላ ላይ በዲናይ_ኢንፎ ያዘጋጁት የማስጠንቀቂያ ገጽ ለምን እንደማይወጣ ይጠይቁናል። ስኩዊድ ገጹን ይልካል፤ ብራውዘሮቹ ግን ለኮኔክት የተሰጠን የእምቢታ ገጽ ለደኅንነት ሲሉ አያሳዩም፣ በምትኩ የራሳቸውን የስህተት መልእክት ያወጣሉ። ቅንብርዎ አልተበላሸም።

ጥያቄ፦ የተፈቀዱ ገጾች ብቻ እንዲከፈቱ አድርጌያለሁ። ገጹ ይከፈታል፤ ነገር ግን ሥዕል የለውም፣ ጽሑፉ የተበታተነ ነው፣ አንዳንዱ ቁልፍም አይሠራም። የተፈቀደ ገጽ እንዴት በከፊል ይዘጋል?

መልስ፦ አንድ ገጽ ከአንድ ዶሜይን ብቻ አይመጣም። ሥዕሉ ከሌላ፣ የፊደል ቅርጹ ከሌላ፣ ስክሪፕቱ ከሌላ ሰርቨር ይመጣል፤ እርስዎ የፈቀዱት ዋናውን ብቻ ነው። የትኞቹ እንደቀሩ መገመት አያስፈልግም፣ የጥያቄዎቹ መዝገብ አክሰስ.ሎግ ይነግርዎታል። የአንዱን ኮምፒውተር አይፒ ይዘው ሎጉን እየተከታተሉ ገጹን አንዴ ይክፈቱ። እንዲህ ያሉ መስመሮች ይመጣሉ፦

1718000000.123 5 192.168.1.25 ቲሲፒ_ዲናይድ/403 3912 ኮኔክት ምስሎች.ምሳሌ.ኔት:443 - ሃይር_ነን/- ቴክስት/ኤችቲኤምኤል

ከግራ ሲነበብ፦ ሰዓቱ ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ተቆጥሮ፣ የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ፣ የጠየቀው ኮምፒውተር፣ የስኩዊድ ውሳኔ ከኤችቲቲፒ ኮዱ ጋር፣ የተላከው መጠን በባይት፣ የጥያቄው ዓይነት፣ የተጠየቀው አድራሻ፣ የተጠቃሚው ስም (እዚህ ጭረት ስለሆነ ስም አልቀረበም)፣ ጥያቄው ወደየት ተላከ (ሃይር_ነን ማለት የትም አልተላከም)፣ የመልሱ ዓይነት።

ዓይንዎን ውሳኔው ላይ ያሳርፉ። ቲሲፒ_ዲናይድ/403 ከሆነ የከለከለው የእርስዎ ስኩዊድ ነው። ቲሲፒ_ሚስ/403 ከሆነ ግን ስኩዊድ አሳልፏል፣ እምቢ ያለው ራሱ ድረ ገጹ ነው፤ ደንብዎን ቢቀያይሩ የሚመጣ ለውጥ የለም። 503 ካዩ ደግሞ የክልከላ ጉዳይ አይደለም፤ ስሙ በዲኤንኤስ አልተገኘም ወይም ሰርቨሩ አልመለሰም። ሰው ለሰዓታት ደንብ ሲያገላብጥ የሚውለው ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ስለሚያደባልቅ ነው።

የተከለከሉትን ዶሜይኖች እየለዩ ወደተፈቀዱት ዝርዝር ይጨምሩ። ሁሉንም አይጨምሩ፤ የማስታወቂያና የክትትል ሰርቨሮች ቢቀሩ ገጹ አይጎዳም። የትኛው ደንብ እንደከለከለ ካልገባዎት «ዲበግ_ኦፕሽንስ ኦል,1 28,3» ብለው ለጥቂት ደቂቃ ያብሩት፤ ክፍል 28 የኤሲኤል ፍተሻው ነው፣ ዝርዝሩም ካሽ.ሎግ ውስጥ ይወጣል። ሲጨርሱ መልሰው ያጥፉት፣ አለዚያ ሎጉ ዲስኩን ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚዎች በስምና በፓስወርድ እንዲገቡ አድርገናል። የተከለከለ ገጽ ሲነኩ ግን «ተከልክሏል» ከማለት ይልቅ ፓስወርድ የሚጠይቀው መስኮት ደጋግሞ ይመጣል። ትክክለኛውን ፓስወርድ ቢያስገቡም ያው ነው።

መልስ፦ የዲናይ መስመርዎ የሚያልቀው በተጠቃሚ ስም ላይ በተመሠረተ ኤሲኤል ይመስለናል፤ ለምሳሌ «ዲናይ የተከለከሉ !አለቆች»። በዲናይ መስመር ላይ የመጨረሻው ኤሲኤል የማንነት ማረጋገጫ ከሆነ ስኩዊድ «ምናልባት በሌላ ስም ቢገባ ይፈቀድለት ይሆናል» ብሎ ስለሚወስደው፣ በ403 (ተከልክሏል) ፈንታ 407 (ማንነትህን አረጋግጥ) ይልካል፤ ብራውዘሩም መስኮቱን ይከፍታል። መድኃኒቱ መስመሩ መጨረሻ ላይ ኦል የሚለውን መጨመር ነው፦

ኤችቲቲፒ_አክሰስ ዲናይ የተከለከሉ !አለቆች ኦል

ኦል ሁልጊዜ ስለሚገጥም የደንቡ ትርጉም አይለወጥም፤ የመጨረሻው ኤሲኤል ግን ማረጋገጫ መሆኑ ይቀራል፣ የሚላከውም 403 ይሆናል።

ሎጉ ላይ ከእያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት በፊት አንድ 407 ማየት ጤናማ ነው፤ ብራውዘሩ መጀመሪያ ያለ ስም ይጠይቃል፣ ሲጠየቅ ስሙን ይልካል። መስኮቱ በተከለከለ ገጽ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ገጽ ላይ የሚደጋገም ከሆነ ግን ችግሩ ረዳት ፕሮግራሙ ጋ ነው። ፓስወርዱን የሚያረጋግጠውን ቤዚክ_ኤንሲኤስኤ_አውዝን በስኩዊድ ዩዘር ሥልጣን በእጅ ያስነሡት፣ ስምና ፓስወርድ በአንድ መስመር በክፍት ቦታ ለይተው ይጻፉ። ኦኬ (ትክክል) ወይም ኢአርአር (ስህተት) ይመልሳል። እዚህ ኢአርአር ካለ የፓስወርድ ፋይሉን የንባብ ፍቃድ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ኤክስ.ኮምን በዩአርኤል_ሬጄክስ ከዘጋሁ በኋላ ኔትፍሊክስና ድሮፕቦክስም ተዘጉ። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የስማቸው መጨረሻ። ሬጄክስ የሚፈልገው ቃሉን በየትኛውም ቦታ ነው፤ ሁለቱም ስሞች በዚያው በኤክስ ፊደል አልቀው ኮም ይከተላቸዋል። ይባስ ብሎ ነጥቧ በሬጄክስ ውስጥ «ማንኛውም ፊደል» ማለት ናት። ዶሜይን ለመዝጋት ሬጄክስ አይጠቀሙ፤ ለዚህ የተሠራው ዲኤስቲዶሜይን ነው፣ ፍተሻውም ከሬጄክስ እጅግ ይፈጥናል። ሬጄክስ የግድ ሲሆን ከነጥቧ በፊት የኋላ ጭረት (\) ያስገቡ፣ መነሻውንና መድረሻውን በምልክት ያጥሩ። «አድስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ የማስታወቂያ ቃል ብቻውን ዝርዝር ውስጥ ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ «ዳውንሎድስ» የሚል ያለበትን አድራሻ ሁሉ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ፋይሎችን በሬፕ_ማይም_ታይፕ (የመልሱን የፋይል ዓይነት በሚለይ ኤሲኤል) ለመከልከል በኤችቲቲፒ_አክሰስ ጻፍኩ። ለምን አይሠራም?

መልስ፦ ኤችቲቲፒ_አክሰስ የሚፈተሸው ጥያቄው ሲመጣ ነው፤ የመልሱ ዓይነት ያን ጊዜ አይታወቅም። መስመሩን ወደ ኤችቲቲፒ_ሪፕላይ_አክሰስ ያዛውሩት። ኤችቲቲፒኤስ ላይ ግን ከላይ እንዳልነው ምስጢሩ ካልተፈታ ዓይነቱም አይታይም።

ጥያቄ፦ ከምሽት እስከ ንጋት የሚጸና የሰዓት ደንብ ስኩዊድ አልቀበልም አለኝ።

መልስ፦ በታይም ኤሲኤል ውስጥ የመነሻው ሰዓት ከመድረሻው ማነስ አለበት። «22:00-06:00» ብሎ ነገር የለም፤ በአንድ ስም «22:00-23:59» እና «00:00-06:00» ብለው ሁለት መስመር ይጻፉ። ሰዓቱ የሰርቨሩ ስለሆነ የሰርቨሩን የሰዓት ክልል ያረጋግጡ። በቀኖቹ ፊደል ላይም ይጠንቀቁ፦ ቲ ማክሰኞ፣ ኤች ሐሙስ፣ ኤስ እሑድ፣ ኤ ቅዳሜ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢቱጋርዲያን የሚባለውን የይዘት ማጣሪያ ከስኩዊድ ፊት አስቀምጠናል። ከዚያ ወዲህ በአይፒ የሠራናቸው የስኩዊድ ደንቦች በሙሉ ፈረሱ፤ ሎጉ ላይ የሁሉም ሰው አድራሻ 127.0.0.1 ነው።

መልስ፦ ስኩዊድን አሁን የሚጠይቀው ኢቱጋርዲያን ስለሆነ የሚያየው የእሱን አድራሻ ነው። የከፋው ደግሞ «አላው ሎካልሆስት» (ሰርቨሩን ራሱን ፍቀድ) የሚለው መስመር ከደንቦችዎ መካከል አንዱ መሆኑ ነው፤ ሁሉም ሰው ሎካልሆስት ሆኗልና በዚያ በኩል ያልፋል።

ኢቱጋርዲያን ላይ ፎርዋርድድፎርን ኦን ያድርጉ፤ የእውነተኛውን ጠያቂ አድራሻ በኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚላክ ተጨማሪ መስመር) ያስተላልፋል። ስኩዊድ ላይ «ፎሎው_ኤክስ_ፎርዋርድድ_ፎር አላው ሎካልሆስት» ብለው፣ ቀጥሎ ለሌላው ሁሉ «ዲናይ ኦል» ይበሉ። ይህን ሄደር ከማንም ከተቀበሉ ማንኛውም ሰው የፈለገውን አይፒ ጽፎ ይልካልና ሁለተኛውን መስመር አይርሱ። ኤሲኤል_ዩዝስ_ኢንዳይሬክት_ክላየንት የሚለውም ኦን ይሁን፤ ያልነኩት ከሆነ ኦን ነው።

ሌላው በር ይኸውና፦ ተጠቃሚው ብራውዘሩ ላይ ከማጣሪያው ፖርት ከ8080 ይልቅ የስኩዊድን 3128 ከጻፈ ማጣሪያውን ሳይነካ ስኩዊድን በቀጥታ ያገኛል። የስኩዊድን ኤችቲቲፒ_ፖርት «127.0.0.1:3128» አድርገው ከሰርቨሩ ውጭ እንዳይሰማ ያድርጉ።

ገጾች ኢቱጋርዲያን ለቃላት በሚሰጠው ክብደት ያለ አግባብ ከተዘጉ የሚነካው የክብደቱን ገደብ የሚወስነው ኖቲነስሊሚት ነው። በቅንብር ፋይሉ ላይ የተሰጠው መነሻ 50 ለትንንሽ ልጆች፣ 100 ከፍ ላሉት፣ 160 ለወጣቶች ነው። ለአዋቂዎች መሥሪያ ቤት 50 ላይ ትቶ ስለ ስህተት ማማረር አይገባም። የሕክምና ገጾች ቶሎ ይያዛሉ፤ ቁጥሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ እነሱን ለይቶ ማሳለፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስኩዊድጋርድ (ገጾችን በዝርዝር የሚከለክል የስኩዊድ ረዳት) እስከ ትናንት ድረስ በደንብ ይሠራ ነበር። ዝርዝሩን አድሰን ካስነሣነው ጀምሮ ምንም አይከለክልም።

መልስ፦ ስኩዊድጋርድ.ሎግን ይክፈቱና «ኢመርጀንሲ ሞድ» የሚል ይፈልጉ። ስኩዊድጋርድ ዝርዝሩን ማንበብ ካልቻለ ወይም ቅንብሩ ላይ ስህተት ካገኘ ቆሞ አይቀርም፤ ሁሉንም ማሳለፍ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዝርዝሩን በሩት አድሰው «ስኩዊድጋርድ -ሲ ኦል» በካፒታል ሲ ሲያስኬዱ የተፈጠሩት የዳታቤዝ ፋይሎች ባለቤት ሩት መሆኑ ነው። ባለቤትነቱን ለስኩዊድ ዩዘር ቀይረው ስኩዊድን ሪኮንፊገር ያድርጉ። ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ስለሆነ አዲስ የሚተክል ሰው በምትኩ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ዩኤፍዲቢጋርድን ቢያይ እንመክራለን።

ጥያቄ፦ በየኮምፒውተሩ ፕሮክሲ ከመጻፍ ብለን በፋየርዎል አስገድደን ወደ ስኩዊድ እናዞራለን። የፓስወርድ መጠየቂያው ጠፋ፤ አንዳንድ ብራውዘሮችም የተዘጋውን ይከፍታሉ።

መልስ፦ ፓስወርዱ የጠፋው ብራውዘሩ ፕሮክሲ መኖሩን ስለማያውቅ ነው፤ ላላወቀው ፕሮክሲ ስም አይልክም። እንዲህ አስገድዶ በማዞር (በኢንተርሴፕት) ዘዴ የፕሮክሲ ፓስወርድ ጨርሶ አይሠራም፣ ማስተካከያም የለውም። በሰው መለየት ከፈለጉ አድራሻው ብራውዘሩ ላይ ወደሚጻፍ ፕሮክሲ ይመለሱ፤ አድራሻውን በየማሽኑ መጻፍ ከከበደ በፓክ ፋይል (ብራውዘሩ የፕሮክሲውን አድራሻ በሚያነብበት ፋይል) ያሰራጩት።

የተዘጋው የሚከፈተው ምናልባት ኪዊክ በሚባለው አዲስ የማስተላለፊያ ዘዴ ነው። አዳዲስ ብራውዘሮች ኤችቲቲፒ 3ን በዩዲፒ 443 ይጠቀማሉ፤ እርስዎ ያዞሩት ቲሲፒን ብቻ ነው። ፋየርዎሉ ላይ ወደ ውጭ የሚሄደውን ዩዲፒ 443 ይዝጉ፤ ብራውዘሩ ራሱ ወደ ቲሲፒ ይመለሳል። ካሽ.ሎግ ላይ «ሆስት ሄደር ፎርጀሪ» (የተጭበረበረ የድረ ገጽ ስም) የሚል ማስጠንቀቂያ ቢበዛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጥቃት ምልክት አይደለም፤ ኮምፒውተሮቹና ስኩዊድ የተለያየ ዲኤንኤስ እየጠየቁ ለአንድ ስም የተለያየ አይፒ ስለሚያገኙ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ የዲኤንኤስ ሰርቨር ያዙሯቸው፤ ስኩዊድም ያንኑ ይጠቀም።